ጫልቱና ጓደኞቿ ምንጩን ያጸዱልን ጊዜ

ሥራ የገባሁት በሰው ቦቲ ነው። ሾላ ገበያ እህል አብሮኝ ይሸከም የነበረ ጓደኛዬ አውሶኝ፣ እግሬን እያጠበቀኝ እንጦጦ ወገብ ላይ ካለው የውኃ ጥናት ጣቢያ ደረስኩ። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ሰብለ ጫማዬን አዩና «በዚህ ዳገቱን ይችሉታል?» አሉኝ። «ችግሩ ከጫማው ነው፤ እኔስ እችላለሁ» አልኳቸው።

ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ሰጥተው ወራጁ ውስጥ አስቆሙኝና ውኃው የቱ ጋ እንደደረሰ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ገበያ ውስጥ ኩንታል የሚሸከም ሰው ቁጥር ካላወቀ ይበላል። ቀጥለው እስክሪብቶ ሰጡኝና «የምንጩን ስም እዚህ ይጻፉ» አሉኝ። እስክሪብቶውን መለስኩላቸው። ፊደል አላውቅም ነበር። አላፈርኩም። ያላስተማረኝ ይፈር።

እሳቸውም አልገረማቸውም። «እስኪማሩ ድረስ ምልክት ይሳሉ» አሉ። ስለዚህ አንዱን ምንጭ በጽድ፣ አንዱን በድንጋይ፣ አህያ የሚጠጣበትን በአህያ ሥዕል እያደረግሁ ሠራሁ። አህያዬን ውሻ ነው ብለው ይስቁብኝ ነበር። ማታ ማታ ቀበሌ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ጀመርኩ። አስተማሪዬ ከልጄ ታንሳለች፤ ስሳሳት ግን አትምረኝም ነበር። ይህን የምጽፈው በእሷ ፊደል ነው።

ሾላ ገበያ ከመግባቴ በፊት ገበሬ ነበርኩ። ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ላይ ጤፍ እዘራ ነበር። ስለ ካሳው አላወራም፤ ከጀመርኩ አላቆምም።

የማዕረጌ ስም የመስክ ረዳት ነው። ከላዬ ቴክኒሺያን አለ፣ ከሱ ላይ ተመራማሪ፣ ከሱ ላይ ዶክተር ሰብለ። ከሥሬ ማንም የለም። ዕቃ እሸከማለሁ፣ ተማሪ መርቼ ምንጭ አደርሳለሁ፣ የናሙና ጠርሙስ በዚያው በሚቀዳው ውኃ አለቅልቄ ሞልቼ፣ ክዳኑን ውኃ ውስጥ እያለ እዘጋለሁ። አየር ከገባበት ናሙናው ይበላሻል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ አየር ያስገባል።

ዓመታት ካለፉ በኋላ የነፃ ትምህርት ዕድል መጣ። ለማንም አልነበረም። ከተማው ሳይደርስባቸው በዚህ ተራራና በሥሩ ይኖሩ ለነበሩ ቤተሰቦች ልጆች ነው፤ ውኃና አካባቢን አጥንተው ሁለተኛ ዲግሪ እንዲይዙ። ዶክተር ሰብለ ሲነግሩኝ «አሁን ነው የታወስነው?» አልኳቸው። የእኔ ልጆች ጊዜው አልፎባቸዋል። አንዱ ሚኒባስ ይነዳል፣ አንዷ ሲ.ኤም.ሲ ሰው ቤት ትሠራለች። «አዎ፣ ዘግይቷል» አሉኝ። ሰበብ አልደረደሩም። የማከብራቸው ለዚህ ነው።

ዕድሉን ካገኙት አንዷ ሌሊሴ ነበረች። የእናቷ ወገኖች የተራራው ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን በሕፃንነቷ ወርዳ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ በቧንቧ ውኃ ያደገች ናት። መጀመሪያ ቀን «ጋሼ፣ ሳይቱ ሩቅ ነው?» አለችኝ። «ሳይት የሚባል አላውቅም፤ ምንጩ ግን ሩቅ ነው» አልኳት። ሳቀች። መንገዱን ሙሉ እየተንሸራተተች፣ እየተነሳች፣ ስለ ውኃ እየጠየቀችኝ ወጣች። አንድም ጊዜ እንረፍ አላለችም። ያን ቀን ወደድኳት፤ አልነገርኳትም።

ጥናቷ ቀላል ነገር ነው። ሁለት ምንጮች አሉ፤ አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አንዱ ከወዲያኛው ሸንተረር በጽድና በወይራ መሀል። ዝናብ ካቆመ በኋላ የትኛው ቶሎ ይደክማል? ይህን ለማወቅ ከክረምቱ መውጫ እስከ በልግ ሳይቋረጥ መለካት አለበት። በዕድሉ ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ልኬቱ የተቋረጠበት ተማሪ ቦታውን ለተጠባባቂ ይለቃል።

የጽዱ ምንጭ የእናቷ መንደር ምንጭ ነው። ከቴክኒሺያኑ ጋር ሆነን ወራጁን በጭቃና በድንጋይ ገደብነው፤ መሀል ላይ ጠርዙ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ብረት ተከልን። ውኃው በቁርጡ ሲያልፍ ከፍታው መጠኑን ይናገራል። ከኋላው ኩሬው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ፣ ከፍታውን ራሱ የሚመዘግብ ትንሽ ዕቃ አስቀመጥን። የሌሊሴ አክስት ጫልቱ ከነጎረቤቶቿ ቆማ ታየን ነበር። ከእኔ ጋር በኦሮምኛ፣ ከልጅቷ ጋር በአማርኛ ታወራለች። «ጭቃ ውስጥ ቆማ የምትማረው ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» አለችኝ። «ጠይቂያት» አልኳት።

መስቀል አልፎ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ ዋናው ልኬት ሲጀመር አንድ ጠዋት ከሌሊሴ ጋር ወረድን። ምንጩ ያበራል። ድንጋዩን የሸፈነው አረንጓዴ ሽበት ተፍቋል፣ ጭቃው ወጥቷል፣ ዙሪያው ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። ውኃው በአንድ ቦይ ኩልል እያለ ይወርዳል። ግድቡ የለም። ብረቱም የለም።

ጫልቱና ጓደኞቿ መጥረጊያና መኮትኮቻ ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው እንደ ሠርግ ቤት ነው።

«አጸዳንልሽ» አለች ጫልቱ።

ሌሊሴ ብረቱ የነበረበትን ቦታ በእጇ ዳሰሰች። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። «ብረቱስ?»

«የበርሜሌ ክዳን አደረግኩት። ጥሩ ብረት ነው፤ የተቆረጠው ቦታ ጣሳ ያስገባል።»

«መዝጋቢውስ? ውኃው ውስጥ የነበረው?»

ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። «የወደቀባችሁን ዕቃ አገኘሁላችሁ» አለችን።

ጮኽኩባት። የልጅቷን ትምህርት ነው የጠረግሽው አልኳት። ጫልቱ መጥረጊያዋን አስደገፈችና «አንተ ሰውዬ፣ ረጋ በል» አለችኝ። «ድሮ ክረምት ሲወጣ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ይጠርገው ነበር። ቧንቧ ከገባ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አሁን ልጃችን ከዩኒቨርሲቲ ሰው እያስከተለች ትመጣለች፤ ቆሻሻ ውስጥ ስትቆም እያየን እንተኛ? አፍረን ነው የወጣነው።»

ልማዱን አላውቅም ነበር። እኔ የወንዝ ዳር ሰው ነኝ፤ ወንዝ የሚጠርግ የለም። ሌሊሴም አታውቅም ነበር። እነሱም ባትመጣ ኖሮ አይጠርጉትም ነበር።

ቴክኒሺያኑ በስልክ ሲሰማ ዛሬውኑ መልሰን እንገድበው አለ። ሌሊሴ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብላ ውኃው ሲወርድ አየች። ከዚያ ተነስታ «አልገድበውም» አለች። «እነሱ ዛሬ ያጸዱትን እኔ ነገ ላጨቅየው?» ወደ አክስቷ ዞረች። «አክስቴ፣ ጀሪካን አለ?»

ቢጫ ጀሪካን መጣ። ቦዩ ሥር ደቀነችው፣ ስልኳ ላይ ሰዓት አስጀመረች፣ ሲሞላ አቆመች። ውኃው ተሰብስቦ በአንድ ቦይ ስለሚወርድ ጀሪካኑ የሚሞላበት ጊዜ ራሱ ልክ ነው። ችግሩ ግን ሁለቱ ምንጮች በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት መለካት አለባቸው፤ እኔ ባሕር ዛፉ ጋ ነኝ፣ እሷ ክፍል ውስጥ ናት።

«እኛ እንወርዳለን» አለች ጫልቱ። «ይህም ሥራ ሆኖ?»

ጉዳዩ የነፃ ትምህርት ዕድሉ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። እኔም ተጠራሁ። አንድ ክራቫት ያደረጉ ሰውዬ «ኅብረተሰቡን አስቀድማችሁ አላወያያችሁም?» አሉ። «ኅብረተሰቡ አክስቷ ናት» አልኳቸው። ዶክተር ሰብለ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሌሊሴ ምንም አልደበቀችም፤ እስከ ጽዳቱ በብረቱ፣ ከዚያ በኋላ በጀሪካን ነው፤ የተለወጠበትን ቀን በጽሑፌ ውስጥ አስቀምጣለሁ አለች። «ሴቶቹ ከሰለቹስ?» አሉ ሰውዬው።  እኔም እውነቱን ለመናገር ያንኑ ፈርቼ ነበር። በጀሪካኑ እንድትቀጥል፣ ልኬቱ አንዴ ከተቋረጠ ግን ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሄድ ተወስኖ ተለያየን።

ጫልቱ በየጠዋቱ ድምፅዋን ቀርጻ ትልክላት ጀመር። ሌሊሴ አንዳንዴ ታሰማኛለች። መጀመሪያ ጀሪካኑ የፈጀውን ጊዜ ትናገራለች፤ ከዚያ የጎረቤት ላም አጥር መጣሷን፣ የማን ልጅ እንደታጨች፣ ሌሊሴ መክሳቷን። ልጅቷ ቁጥሩን ጽፋ ሌላውን ደግማ ትሰማዋለች።

መንደሩ ውስጥ ቧንቧ በፈረቃ ነው። ውኃ በሌለበት ቀን ምንጭ መውረዳቸው አይገርምም። እኔን ያስፈራኝ ቧንቧ የሚመጣበት ቀን ነው። በጋው ሲከር፣ እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት የራሴን ልክ እንደጨረስኩ ሸንተረሩን ተሻግሬ ሄድኩ። በየግቢው ቧንቧ ሲፈስ፣ በርሜል ሲሞላ ይሰማኛል። ማንንም አላገኝም ብዬ ነው የወረድኩት።

ጫልቱ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። ጀሪካኑ ከቦዩ ሥር፣ ስልኳ እጇ ላይ። ቦዩ ቀጥኗል፤ ውኃው ክር መስሏል። ሰላም ልላት ስል ቆይ በሚል እጇን አነሳች። እስኪሞላ ጠበቅን። ጊዜውን ለስልኩ ተናገረች፤ ከዚያ ውኃውን ወስዳ የጽድ ችግኝ ላይ ደፋችው።

«ቤትሽ ቧንቧ እየፈሰሰ ነው እኮ» አልኳት።

«ሰማሁት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ይኼኛው የሌሊሴ ነው» አለችና ጀሪካኑን አስይዛኝ ዳገቱን ወጣች።

እስከ በልግ ድረስ አልተቋረጠም። ኮሚቴው ዕድሉን አጸደቀላት። ሁለቱም ምንጮች ደክመው ነበር፤ የባሕር ዛፉ ግን ቀድሞ ደከመ። ሌሊሴ ተመርቃ አሁን እዚያው ጣቢያ ተመራማሪ ናት፤ ማዕረጓ ከእኔ በላይ ነው፤ ሳይት ማለቷንም አልተወችም። ብረቱ እስከ ዛሬ የጫልቱን በርሜል ይከድናል።

ዘንድሮም በዚያው ዕድል የገቡ ልጆችን ይዤ እወጣለሁ። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ምንጭ ላይ ዕቃ ከመትከላችሁ በፊት ምንጩን ማን ይጠርገው እንደነበር ጠይቁ። ሰዎቹ ከመጡ ደግሞ መጥረጊያ ያዙላቸው፤ ልኩን ከዚያ በኋላ ትጀምራላችሁ።