የመቶ ሃያ ደጃፍ ጭስ

ሸጋ ይኸነው ፈሪ ሴት አይደለችም። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዷ አሥራ አንድ ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ስትሠራ፣ በክረምት የሞላ ወንዝ ተሻግራ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ደርሳለች፤ ውሻ ነክሷታል፤ ሽንት ቤት ቆፍር ያለችው አባወራ ዱላ ይዞ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኝቷታል። ከዚያ ሁሉ አንዱም ቁርሷን አላስቀራትም። ያስፈራት፣ ያውም ብርክ እስኪይዛት ያስፈራት፣ መልኩን አይታው የማታውቀው ሰው ስልኳ ላይ የጻፈው አምስት መስመር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዶክተር ኪዳኑ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሩቅ ከተማ መጣ። ያን ጊዜ የአካባቢው ገበሬ ግማሽ ማሳውን ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ተክሎበት፣ ዛፉ በአምስት ዓመቱ ሲደርስ ቆርጦ፣ ከጓሮው ከምሮ፣ ሣርና አፈር አልብሶ ከሰል ያከስል ነበር። ዛሬም ያከስላል። በዚያ ከሰል ስንት ጎጆ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ዶክተሩ ማወቅ የፈለገው ሌላ ነው። ከክምሩ አጠገብ የሚኖር ሰው የሚስበው አየር ምን ያህል ጭስ አለበት? ለዚህ ቤት ለቤት ዞሮ የሚለካና የሚጠይቅ ሰው ሲያፈላልግ ሸጋን ጠቆሙት። እሱ የሚያውቀው አማርኛ፣ መንደሩ የሚያወራው አገውኛ፣ እሷ ግን ሁለቱንም ታውቃለች።

መለኪያዋ የስኳር ጣሳ የምታህል ነጭ ሳጥን ናት። አየሩ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲከፋ ቀይ ታበራለች፤ ከመብራቷ ሥር ቁጥር ትጽፋለች። «ከሠላሳ አምስት በታች ከሆነ ደህና ነው» ብሎ አስተማራት ዶክተሩ። ሸጋ ሳጥኗን ከደጃፍ በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አባወራውን አርባ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ መልሱን ስልኳ ላይ ትሞላለች። መቶ ሃያ ቤት።

እንግዲህ በሥራ ቀን አባወራ ከቤቱ ለማግኘት መዞር ውሃ መውቀጥ ነው። አንዱ ግራር ላይ ነው፣ አንዱ ገበያ ነው፣ አንዱ ወደ ጫግኒ ወርዷል። ሸጋ አገሯን የምታውቅ ብልህ ናትና በየወሩ የሚከበሩትን በዓላት መረጠች። የሚካኤል ለት፣ የገብርኤል ለት፣ የማርያም፣ የመድኃኔ ዓለም፣ የባለወልድ ለት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጁ ላይ ቁጭ ይላል፤ አያርስ፣ አይቆርጥ። በአንድ በዓል አራት ቤት እየዘለቀች በስድስት ወር ጨረሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ዓመት ይፈጅበት ነበር። ዶክተሩ «እንዴት ቻልሽው?» ሲላት ሳቀች። ብልሃቱን ለራሷ አስቀረችው፤ ይኸው ነው ጥፋቷ።

ጥናቱ አምና ወጣ። የወጣውም የዓለም ሊቃውንት ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው። እዚያ ሐኪሙም፣ የአፈር አዋቂውም፣ የምጣኔ ሀብት ምሁሩም፣ የታሪክ መምህሩም የየሙያውን ያኖራል፤ ሌላው ደግሞ ከሥሩ ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ ያብጠለጥላል። ዶክተር ኪዳኑ ደግ ሰው ነውና ከደራሲዎቹ ስም ሦስተኛ አድርጎ «ሸጋ ይኸነው» ብሎ ጻፈ። አባቷ አቶ ይኸነው ያንን ስም በስልክ ሲያሳዩዋቸው መነጽር አስመጥተው ሦስት ጊዜ አዩት። «የእኔንም ስም ነው እንዴ ፈረንጅ የሚያነበው?» አሉ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

ጥናቱ ያገኘው ነገር ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ነበር፦ ከከሰል ክምር አጠገብ ያለው ደጃፍና ከክምር የራቀው ደጃፍ በጭስ አይለያዩም፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ይህን ከማንም በላይ ያመነችው ሸጋ ነበረች። ድሮ አራስ ቤት ስትገባ «ክምሩን ከቤት አርቁት፣ ሕፃኑን ጭስ አታስነኩት» ትል ነበር። ከጥናቱ ወዲህ ተወችው። ጎረቤቷ በቀለች ልጅ በወለደች ጊዜ ባሏ ክምሩን ከበሩ ሃያ እርምጃ ላይ ሠርቶት ነበርና «እቴ ሸጋ፣ እንዲያነሣው ልንገረው?» ብላ ጠየቀቻት። ሸጋም «ግዴለም፣ ተለክቷል። እኔው ነኝ የለካሁት» አለቻት።

ያ ማክሰኞ ጧት ጤና ኬላው ውስጥ የክትባት ካርድ ስታስተካክል ስልኳ ጮኸ። ከመድረኩ የመጣ መልእክት ነው። እንግሊዝኛዋ ኮሌጅ ያስቀረላት ያህል ብቻ ቢሆንም ስልኳ ወደ አማርኛ ይመልስላታል። አንድ የሂሳብ ሊቅ ከጥናቱ ሥር እንዲህ ጽፏል፦ «መረጃው የተሰበሰበባቸውን ቀናት ቆጠርኳቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰባት፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ቀን ነው። ይኸው ለስድስት ወር ሳይዛነፍ ይደጋገማል። ሰው በእግሩ ቤት ለቤት ሲዞር እንዲህ አይሆንም። ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የተፈበረከ ይመስለኛል። ደራሲዎቹ ምን ይላሉ?»

ክው አለች። ከሥሩ ደግሞ ሌሎች ተከታትለዋል። የሳንባ ሐኪም ነኝ ያለች ሴት «እኔም ተጠራጥሬ ነበር» ትላለች። አንዱ «ይህን ያደረገው መረጃ ሰብሳቢው ይሆናል፤ በድሃ አገር የተለመደ ነው» ይላል። መረጃ ሰብሳቢዋ ሸጋ ናት። ስሟ ከላይ ከነአባቷ ተጽፏል። ዓለም ሁሉ ሌባ ሊላት ነው ብላ አሰበች፤ ወረዳው ይሰማል፣ ከሥራ ትባረራለች፣ አባቷም ያ ስም ሐሰተኛ መባሉን ከገበያተኛ ይሰማሉ። ስልኩን ካርዶቹ ላይ ጣለችው።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ዶክተር ኪዳኑ ደወለ።

«ሸጋ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አልቆጣሽም። ቤትሽ ተቀምጠሽ የሞላሽው አለ?»

«ዶክተር፣ በማርያም! መቶ ሃያውንም ደጃፍ ረግጫለሁ! ሰዎቹን ይጠይቁ!»

«እሺ፣ አምንሻለሁ። ታዲያ ቀኑ ለምን እንዲህ ሆነ? እስከ ዓርብ መልስ መጻፍ አለብን። ከዚያ በኋላ መድረኩ ጥናቱ ላይ 'አጠራጣሪ' የሚል ምልክት ይለጥፍበታል።»

«አላውቅም» አለችና ዘጋችው። እውነቷን ነው፤ አላወቀችም ነበር። ቆይታ በጣቷ ስትቆጥር ግን ገባት። ከሚካኤል እስከ ገብርኤል ሰባት። ከገብርኤል እስከ ማርያም ሁለት። እስከ መድኃኔ ዓለም ስድስት፣ እስከ ባለወልድ ሁለት፣ ዞሮ እስከ ሚካኤል አሥራ ሦስት። ስልኳ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመዘግብ ዶክተሩም አላየውም፣ እሷም አላስተዋለችውም። እፎይ ብላ ሳቀች፤ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች። በዓል ስለሆነ ነው! ምን ሌብነት አለበት?

ሳቁ ግን አፏ ላይ እንዳለ ደረቀ። በዚህ መንደር የበዓል ለት አካፋ የሚያነሣ የለም። ክምር ደግሞ ሳይጠብቁት ቢነድ እንጨቱን አመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ገበሬው በዋዜማው የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ይደፍነዋል፤ እሳቱ ከውስጥ አንቀላፍቶ ይውላል፣ በማግሥቱ ይከፈታል። ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷም እንዲሁ ያደርጋሉ። እሷ መቶ ሃያ ደጃፍ የለካችው እሳቱ በተኛበት ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ የያዛት ፍርሃት ከፊተኛው የባሰ ነበር። ፊተኛው በሐሰት ልትከሰስ ነው የሚል ነው፤ ይኸኛው ክሱ ሐሰት ቢሆንም ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ነው። ቤቷ ገብታ ምሳዋን ሳትነካ አስቀመጠችው። ባሏ ደሴ ባጃጁን አቁሞ ምሳ ሲገባ ፊቷን አይቶ ደነገጠ፤ ነገረችው። ደሴ ነገር የሚያቀልል ሰው ነው።

«ታዲያ በዓል ነው ብለሽ ጻፊያ! እውነት አይደል?»

«ክምሩስ?»

«ክምሩን ማን ጠየቀሽ? ፈረንጁ የጠየቀው ስለ ቀን ነው። ስለ ቀኑ መልሺ፣ ስምሽ ይነጻል፣ አለቀ። ደግሞስ በሥራ ቀን ቁጥሩ የተለየ እንደሚሆን በምን አወቅሽ?»

ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ይዛ ረቡዕንም ውላ አደረች። እውነትም በምን አወቀች? ዶክተሩ ለቀጣዩ ጥናት ብሎ ሳጥኗን እሷ ዘንድ ትቷታል። በሥራ ቀን ለክታ አረንጓዴ ከሆነ፣ ቀኑን ብቻ ብትጽፍም ክምሩን ጨምራ ብትጽፍም መልሱ አንድ ነው፤ ስሟም ይድናል፣ ጥናቱም ይድናል። ሐሙስ አሥራ ስምንት ቀን ነበር፤ በመንደሩ የሚያሠራ ቀን ነው። ሳጥኗን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። የቅርቡ ቤት የበቀለች ነው። መንገዱን በሙሉ «አደራህን፣ አረንጓዴ አድርግልኝ» እያለች ሄደች። አየር ንጹሕ እንዲሆን እንዲያ አድርጎ የጸለየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የበቀለች ባል ክምሩ ላይ ቆሞ ቀዳዳውን ይከፍታል። ቢጫማ ጭስ ተንከባሎ ወደ ቤቱ ይመጣል። በቀለች ስምንት ወር የሆነውን ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጁ እንደ ሽማግሌ ደረቅ ሳል ይስላል። ሸጋ ይህን ሳል ሁለት ጊዜ ጉንፋን ነው ብላ ሽሮፕ ሰጥታዋለች።

«ደግሞ ጥናት መጣ?» አለች በቀለች እየሳቀች፤ በርጩማውንም ራሷ አቀረበችላት።

ሳጥኗ ለአፍታ አረንጓዴ በራች። የሸጋ ልብ ዘለለ። ከዚያ ቢጫ። ከዚያ ቀይ። ቁጥሩ ዘጠና፣ መቶ ሰባ፣ ሦስት መቶ እያለ ወጣ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ሸጋ እጇን ዘርግታ ከለለችው። ያየው ሌላ ሰው የለም። ባልየው ክምሩ ላይ ነው፤ በቀለች ቁጥሩ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሸጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራችው ለስሟ ነበር። አሁን የፈራችው ያንን ልጅ ነው፤ ቀና ብላ ልታየው አቃታት።

«ምን አለ?» አለች በቀለች።

ደህና ነው ብትል የሚከሳት አልነበረም። የወጣው ቃል እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

«በቀለች፣ ልጁን ይዘሽ ከዚህ ውጪ። አሁኑኑ። ጭሱ መጥፎ ነው፣ በጣም መጥፎ ነው።»

«ተለክቷል፣ ግዴለም አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«አንቺው አይደለሽ የለካሽው?»

«እኔው ነኝ። በበዓል ቀን ለካሁት፤ ክምሩ ተደፍኖ ሳለ። ሳላስብ... ተሳሳትኩ።»

በቀለች ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሸጋን ትክ ብላ አየቻት። ልትሰድባት ነው ብላ ሸጋ ተዘጋጅታ ነበር፤ አልሰደበቻትም። ነጠላዋን በልጁ ፊት ላይ ጣል አድርጋ ወደ እናቷ ቤት አቅጣጫ ሄደች፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላለችም።

ሸጋ እዚያው በርጩማው አጠገብ ቁጭ እንዳለች ለዶክተር ኪዳኑ ደወለች። በዓሉንም፣ ክምሩንም፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም ነገረችው። ዶክተሩም «እኔም አጥብቄ አልጠየቅሁሽም» አለ። «የምታውቂውን በአማርኛ ጻፊው፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ።» ጻፈች። የጻፈችው ከወጣ በኋላ ስልኳን ሽሮ እቃ ውስጥ ከታ ከደነችው፤ የሚመጣውን ስድብ ላለማየት።

ስድብ አልመጣም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እዚያ መድረክ ላይ ግን አልደረሰም። የሂሳብ ሊቁ «ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ መረጃ አሰባሰብ እንዲህ ያለ መልስ አንብቤ አላውቅም» አላት። የሳንባ ሐኪሟ ስለ ልጁ ሳል ጠይቃ ምን ማድረግ እንዳለባት በዝርዝር ጻፈችላት። አንድ የታሪክ መምህር ስለ በዓላቱ አቆጣጠር ሃያ ጥያቄ አዥጎደጎደባት። ዶክተር ኪዳኑ የድሮውን ጥናት ከመድረኩ አንሥቶ አዲሱን ጀመረ፤ በዓሉም የሥራውም ቀን ይለካበታል፤ የሸጋ ስምም ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ከፍ አለ። ከወረዳው ቢሮ ማንም አልጠራትም። አቶ ይኸነውም ነገሩን ሰምተው «እኔን ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» ከማለት በቀር ምንም አላሉ።

የበቀለች ባል ክምሩን ወደ ማሳው ዳር አርቆታል፤ የልጁም ሳል ቀለል ብሏል ይላሉ። ሸጋ ይህን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። የዘጠኝ ወሩ ክትባት ሲደርስ ካርዱን አውጥታ፣ መርፌውን አዘጋጅታ ሙሉ ቀን ጠበቀች። በቀለች ግን የሸጋ ጤና ኬላ ከደጇ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ፣ ልጇን አዝላ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ሄዳ ሌላ ቀበሌ አስከተበችው።