ጋሽ ቆጣሪና የጣራው ፀሐይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው በር እያንኳኳ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ያነባል? ጋዜጣ እንዳትሉኝ። ጋዜጣ ላይ ያለው ሌላ ሰው ያየው ነገር ነው፤ ጋሽ ቆጣሪ ደግሞ በገዛ ዓይኑ ያላየውን አያምንም። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ውሻ ሳያስፈራው፣ ዝናብ ሳይመልሰው፣ በር ተዘጋብኝ ብሎ በግምት ሳይጽፍ ስለኖረ ስሙ ከፌዝ ይልቅ ወደ ክብር ያደላ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። «እኔ አንድ ቁጥር ተሳስቼ አላውቅም» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የጡረታው የመጀመሪያ ዓመት ግን ለቤቱ መከራ ሆነ። የሚያነበው ሲያጣ ሻይ ውስጥ የሚገባውን ስኳር በማንኪያ መቁጠር ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በቀን ስንት ጊዜ «ውይ ጉልበቴን» እንደምትል ሳይቀር ቆጥሮ ነገራት፤ አሥራ ሰባት። እሷም «አንተ ስታደርቀኝ ያልኩትንም ደምረሃል?» አለችው።

ትልቋ ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ መጥታ ጣራው ላይ ስድስት የሶላር ሰሌዳ ያስገጠመችው ለዚያ ጉልበት ብላ ነው። እናቷ ሞተር ያለው የስፌት መኪና ነበራት፤ ነገር ግን መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ስለሚጠፋ ሁልጊዜ የምትመለሰው በእግር ወደሚረገጠው አሮጌ መኪናዋና ወደ ከሰል ካውያዋ ነበር። ልጅቷ አባቷን ለማስደሰት ያሰበችው ነገር አልነበረም። ይሁንና ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው መቆጣጠሪያ ሳጥን ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ነበረው፤ አባትየው ያችን መስኮት ባየ ጊዜ ከጡረታ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ።

ሰሌዳውን የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ ማስረዳት ጀመረ። «አባባ፣ ይቺ መብራት አረንጓዴ ስትሆን ባትሪው ሞላ ማለት ነው። ያኔ እንግዲህ…»

ጋሽ ቆጣሪ እጁን አነሳ። «የኔ ልጅ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ለእኔ?»

ባለሙያው ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ከሽማግሌ ጋር መከራከርም አይወድም። «እሺ አባባ» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ከ«ያኔ እንግዲህ» በኋላ ሊናገረው የነበረውን ነገር የሰማ ሰው የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቆጣሪ ባለ መስመር ደብተር ገዝቶ ሥራ ገባ። ሥራ ገባ ማለቴ ቀልድ አይደለም፤ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሳጥኑ ፊት አይቆምም ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ያነባል፣ ቀን ስድስት ሰዓት ያነባል፣ ማምሻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ያነባል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳዎቹ በቀን ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት እየሰጡ አንበሸበሹት። ሚስቱ በሞተር ሰፋች፣ በኤሌክትሪክ ተኮሰች፣ ፍሪጁ ቀዘቀዘ፣ ቴሌቪዥኑ ሲለፈልፍ ዋለ። እሱም አጥር ላይ ተደግፎ ለአላፊ አግዳሚው የትናንቱን ቁጥር ያበስር ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን ደመና ሆነና ቁጥሩ ወደ ስድስት ወረደ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ ይተወው ነበር። ጋሽ ቆጣሪ ግን ደነገጠ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፤ መብራት የሚያልቀው ሰው ስለሚበላው ነው። ስለዚህ ሰሌዳው እስኪያገግም ድረስ ቤቱ እንዲጾም ወሰነ። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። ፍሪጁ ተነቀለ። የሚስቱ ካውያ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጣ፣ ባለሞተሩ መኪናዋ በአንሶላ ተሸፈነ።

«ልጄ የገዛችልኝ እኮ ለእኔ ነው» አለች ሚስቱ፣ አሮጌውን መኪና እየረገጠች።

«ለአንቺ ብዬ ነው የምቆጥበው።»

ደመናው ገፈፈ፤ ቁጥሩ ግን አልተመለሰም። እንዲያውም አምስት ሆነ። ጋሽ ቆጣሪ የኮሪደሩን አምፖል ፈታ። አራት ሆነ። ስልክ ቻርጅ ማድረግ በተራ ሆነ። ሦስት ሆነ። ባትሪው ብቻ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ አረንጓዴዋ መብራት ከረፋዱ ጀምሮ ቦግ ብላ ትውላለች። እሱም እያያት «ይህችን ባላድን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!» ይላል።

ደብተሩን አገላብጦ አገላብጦ በመጨረሻ ወንጀለኛውን አገኘ። ከጠዋቱ አንድ እስከ ስድስት ሰዓት ሰሌዳው ደህና ይሰጣል፤ ከስድስት በኋላ ግን እንደሌለ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየት በኩል ናት? በምዕራብ። በምዕራብ በኩል ምን አለ? የእትዬ ማንጎ።

እትዬ የአጥር ጎረቤቱ ናቸው። በአዋላጅነት ያገለገሉ፣ የእሱን ሦስት ልጆች በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ናቸው። ማንጎውን በቆርቆሮ ጣሳ ያበቀሉት ሟቹ ባላቸው ሲሆኑ፣ አሁን ዛፉ ከሁለቱም ቤት ጣራ በልጧል። እትዬ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፉት እሱ ሥር ነው፤ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ብርሃን ይወጋቸዋል። ጋሽ ቆጣሪ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያውቃል፣ ግን ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

ገጽ በገጽ አነበበላቸው። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙና «የኔ ልጅ፣ የዚህ ዛፍ ጥላ እኮ አንተ ጣራ ላይ የሚደርሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያንተ ቁጥር የሚወድቀው በስድስት ነው አላልከኝም?» አሉት።

«እትዬ፣ ጥላ በዓይን ከመታየቱ በፊት ይጀምራል» አላቸው። ይህን ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም።

እትዬ ግንዱን በመዳፋቸው ደባበሱት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አሉ። «እናንተ በጨለማ ተቀምጣችሁ እኔ ጥላ ሥር አልቀመጥም። ቅዳሜ ሰው አምጣና ይቆረጥ። እኔ ግን ቆሜ አላይም፤ ቤት ውስጥ እሆናለሁ።»

ደስ ሳይለው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለሚስቱ ሲነግራት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አፍጥጣ አየችው።

«የሟቹን ዛፍ? አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን ፍራ!»

«ቁጥሩ ነው እንጂ እኔ ምን አልኩ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ፊቷን አዞረችበት፤ እስከ ቅዳሜም አላነጋገረችውም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ዛፍ ቆራጩ ገመዱንና መጋዙን ይዞ መጣ። ጋሽ ቆጣሪ እትዬ ግቢ ገብቶ ከሥር ሆኖ «እዚህ ጋ፣ ወደኛ ያጋደለውን አስቀድም» እያለ ያዛል። እትዬ በራቸውን ዘግተዋል። ሚስትየው ደግሞ በዚያው ቀን ለአንድ ክሊኒክ አርባ ጋውን ሰፍታና ተኩሳ እስከ ስምንት ሰዓት ማስረከብ አለባት። በእግር ረግጣ፣ በከሰል ተኩሳ እንደማትደርስ ገብቷታል። ባሏ አጥሩን እንደተሻገረ አንሶላውን ከባለሞተሩ መኪና ላይ ገፈፈች። በወንበር ተንጠላጥላ ካውያዋን አወረደች። «እንግዲህ የመጣው ይምጣ!» አለችና ሰካችው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ትልቁ ቅርንጫፍ ተንቋቋ፣ አቃሰተና መሬቱን መታው። ጋሽ ቆጣሪ ሰዓቱን አየ። ዛፍ ይውደቅ ሰማይ ይውደቅ፣ ስድስት ሰዓት የንባብ ሰዓት ነው። ቆራጩን «ቀጥል» ብሎ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሳጥኑ ላይ ያየውን ለማመን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከጾሙ ወዲህ በዚህ ሰዓት ከሁለት መቶ ዋት በላይ አይቶበት የማያውቀው መስኮት አንድ ሺህ አራት መቶ ይላል። የዕለቱ ድምር ደግሞ ገና በግማሽ ቀን የትናንቱን ሙሉ ቀን አልፏል።

«አላልኩም!» ብሎ ጮኸ። በኮሪደሩ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «በርታ ወንድሜ! በአንድ ቅርንጫፍ ይሄን ያህል ከሆነ፣ ከሥሩ ጣልልኝ!» አለው ቆራጩን። ቁጥሩን በእርሳሱ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሚስቱ ካውያዋን እንደያዘች ከስፌት ክፍሏ ወጣች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ መኪናዋን መልሳ ትሸፍናለች፣ እሱም በቁጥሩ እየተኩራራ ይኖራል። የመጋዙ ድምፅ እንደገና ሲጀምር ግን አላስቻላትም።

«ና እስቲ እዚህ» አለችው።

«ምንድነው የያዝሽው? ካውያ? ማን ፈቅዶልሽ…»

«ቁጥሩን እያየህ ቁም።» ገባችና ሶኬቱን ነቀለች። አንድ ሺህ አራት መቶው ወደ ሦስት መቶ ወረደ። ሞተሩን አጠፋች። መቶ ሃምሳ። መልሳ ሞተሩን አስነሳች፣ ካውያውን ሰካች፤ ካውያው እንደጋለ ቁጥሩ ተመልሶ ሽቅብ ወጣ።

«ዛፉ ነው አሁን ሄዶ የመጣው?» አለችው ከውስጥ ሆና። «ማሰሮ ከሞላ በኋላ ምን ብትቀዳበት ይይዛል? ባትሪህ በረፋዱ ጢም ይላል፣ አንተ አንዲት አምፖል አታበራ፣ ታዲያ ሰሌዳው ለማን ይስጥ? የሚጠይቀው ሲያጣ ይተወዋል እንጂ!»

ጋሽ ቆጣሪ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ። ዘጠኝ፣ ቤቱ ሁሉ በርቶ። ስድስት፣ ደመና። አምስት፣ ፍሪጁ የተነቀለ ሰሞን። አራት፣ አምፖሉ። ቁጥሮቹ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ እሱ ቤቱን ባሰረ ቁጥር ነው የወረዱት። በስድስት ሰዓት የሞተው ሰሌዳም ባትሪው ሞልቶ የተቀመጠ ሰሌዳ ነው። ይህ ሁሉ በገዛ እጁ ተጽፎ፣ በገዛ ዓይኑ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ካውያዋን አየ፣ ከዚያ የሚስቱን ጉልበት አየ፤ በሻሽ ጠምጥማዋለች። መቼ እንደጠመጠመችው አያውቅም፤ ያን ሰሞን የቆጠረው ሌላ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ሮጠ። «አቁም! ኧረ አቁም ወንድሜ!» መጋዙ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ሁለት ጣት ያህል ገብቶበት ነበር። ቆራጩ ከላይ ሆኖ «አባባ፣ ልቁረጥ ነው ልተው? አሁን በርታ ብለውኝ!» ሲል እትዬ ሁካታውን ሰምተው በራቸውን ከፈቱ።

ጋሽ ቆጣሪ ቆቡን አወለቀ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተሳስቻለሁ ብሎ ስለማያውቅ ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፋው።

«እትዬ፣ ዛፉ ምንም አላደረገኝም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። ቤቴን አስርቤ፣ ሚስቴን በእግሯ አስረግጬ፣ ጥፋቱን የእርስዎ ዛፍ ላይ ጫንኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ በእጃቸው ዓይናቸውን ከብርሃኑ ከልለው የወደቀውን ቅርንጫፍ አዩ። ገና ያልበሰለ ፍሬ በየቦታው ተበትኗል። እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ። ቀጥለው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ እሱ ዞሩ። «ለመሆኑ የኔንም ቆጣሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያነበብከው?»

ሚስትየው ከአጥሩ ወዲያ ሳቋ አመለጣት። ቆራጩም ዛፉ ላይ እንዳለ ሳቀ። ጋሽ ቆጣሪ ግን አልሳቀም፤ አፈረ፣ ደህና አድርጎ አፈረ።

ግንዱ ተረፈ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ግን አይቀጠልም፤ በእሱ ፈንታ ከስምንት ሰዓት በኋላ እትዬ ከሚቀመጡበት ላይ ፀሐይ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ጋሽ ቆጣሪ ይህን ያወቀው በማግስቱ ነው። ፀሐይዋ እየተንፏቀቀች ስትመጣ እትዬ ወንበራቸውን መግፋት ሲያቅታቸው አየ፤ ሄዶ ገፋላቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሄደ። በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አጥሩን ሲመላለስ ይውላል።

ቤቱ አሁን ተፈትቷል። ካውያው ይግላል፣ ሞተሩ ይዘፍናል፣ ቁጥሩም ከፍ ብሏል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሰዓቱ ውጭ ሳጥኑን ሰርቆ ቢያይ በሕይወቱ ያላየውን አየና በመስኮቱ ጮኸ፤ «እትዬ! ገና በዘጠኝ ሰዓት አሥር ኪሎዋት ሞላ!»

«እሰየው የኔ ልጅ» አሉት እትዬ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው። «አሁን ናና ወንበሬን አንሳልኝ፤ ያስገባሃት ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ናት።»

ቁጥሩን ሳይጽፍ ሄደ።