አባቴ የጠመጠሙት ክር

ባለፈው ዓርብ የአባቴን ሸሚዝ ስቆልፍላቸው ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ጎንደር ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ጣቶች ናቸው። እኔ ግን የማስታውሳቸው በአንድ ማክሰኞ ምሽት፣ እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ በነበረችው ጠባብ ወጥ ቤታችን፣ ቀይ የሐር ክር ይዘው ነው። በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከኢትዮጵያ ከመጣን ሦስተኛው ክረምት ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የፋብሪካው መጋዘን ሽማግሌ ሠራተኛ ከአባቱ የወረሰውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቢያውሰው፣ ደሳለኝ ያርቆን ወንዝ ወረደ። መንጠቆው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ያዘበት። ሲጎትት ዘንጉ ተሰነጠቀ። ስድስት ቀጫጭን የቀርከሃ ፍልጮች ተጣብቀው የተሠራ፣ ማር የሚመስል ዘንግ ነበር። ዓሣውን የሚያታልሉት መንጠቆው ላይ በላባ በተሠራች ዝንብ ነው። ስንጥቁን በሙጫ አጣብቀን፣ አስረን፣ ሦስት ቀን አቆየነው። የቀረው በሐር ክር መጠምጠምና ቫርኒሽ መቀባት ነበር።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ደሳለኝ ዳቦ እያኘከ ጫማውን አሰረ።

«አንተ ሰነፍ፣ ክሩን ዛሬ ጨርስ። ሐሙስ እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«አንተ ሰብረህ እኔ ልጠግን?»

«እኔማ ዛፍ አጥምጃለሁ፤ ዓሣውን ላንተ ተውኩልህ። ያላ፣ ልሂድ፤ ደኅና ዋል።»

ከሰዓት በኋላ ከፋብሪካው ወጥቶ ወደ አውቶቡሱ ሲሻገር መኪና ገጭቶ ገደለው። እኔ ይህን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። አባቴ ግን ከመምሸቱ በፊት ተነግሯቸው ነበር። በእኛ ወግ መርዶ በማታ አይነገርም። እናቴም የወለደች እህቷን ልታርስ ሐዴራ ከተማ ሄዳ ነበር። የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች «እሷ ትምጣ፤ ለሁለቱም ጎሕ ሲቀድ ይነገር» ብለው፣ አባቴን ወደ እኔ ላኳቸው።

ሲገቡ ፊታቸውን ብዙ ታጠቡ። ከዚያ ዘንጉን ስጠመጥም አጠገቤ ተቀመጡ።

«ደሳለኝስ፣ አባ?»

«የማታ ሚሽመሬት፣ ተረኛ ሆኖ ገብቷል። እዚያው ያድራል።»

«በሰደር፣ እሺ። ነገ ሥራዬን አይቶ ይቅና።»

የጀመርኩትን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቋጠሮ አትቋጥር፤ ያብጣል። ጫፉን ቀርከሃው ላይ አስተኛውና በላዩ ጠምጥም። ራሱን በራሱ ይይዛል።» ክሩን ተቀበሉኝ። እኔ ዘንጉን ቀስ እያልኩ አዞራለሁ፤ እሳቸው ክሩን ወጥረው፣ አንዱን ዙር ካንዱ አስጠግተው ያስተኛሉ። በመስኮቱ እርጥብ የብርቱካን እርሻ ሽታ ይገባ ነበር።

«ደሳለኝ ቢሆን እስካሁን ራሱን አብሮ በጠመጠመ ነበር። እጁ እኮ አካፋ ነው» አልኩ።

አባቴ ሳቁ። «በአራት ዓመቱ ልርዳ ብሎ ለሽመና ያዘጋጀሁትን ድውር ሁሉ አወሳሰበብኝ። ልመታው ስነሣ ሸማው ውስጥ ተጠቅልሎ ተደበቀ። እግሩ ግን በውጭ ነበር።» እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ሲጠርጉ ከሳቁ ብዛት መስሎኝ ነበር። እራት ሲቀርብ እሳቸው አልበሉም፤ እኔን አጎረሱኝ። ከልጅነቴ ወዲህ አጉርሰውኝ አያውቁም ነበር።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ እናቴን በመካከላቸው ይዘዋት ገቡ፤ ከዚያም መርዶውን ነገሩን።

ጩኸቱ በረድ ሲል ወደ አባቴ ሄድኩ።

«ትናንት ያውቁ ነበር?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«አስቀውኛል እኮ።»

«አስቄሃለሁ።»

ለዓመታት በወንድሜ ሞት ቀን መሳቄ እንደ ነውር ሲከተለኝ ኖረ። አሁን የልጆች አባት ነኝ። አንዱ ልጅ ሞቶ፣ አጠገብ ለቀረው ልጅ ክር መወጠርና ማጉረስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ሳስብ፣ እኔ የምችለው አይመስለኝም። ይህን አንድ ቀን ልነግራቸው አስባለሁ፤ አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል።

ያን ጠዋት ግን ወጥ ቤት ገብቼ ምላጭ አነሣሁ። አባቴ የጠመጠሙትን ክር ከላይ እስከ ታች ቆረጥኩት። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። አልተቆጡኝም። ጎንበስ ብለው ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ከወለሉ ለቀሙና፣ ምላጩን ቀስ ብለው ከእጄ ወስደው፣ ጣቴን ቆርጦኝ እንደሆነ አገላብጠው አዩ።