ላልመጣው ሚዛን የተጻፈ ምስጋና

የእህቴ ልጅ ሰሚራ ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ መጥታ አንድ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጀምር ነው። መጽሔቱ ዩኒቨርሲቲው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ የሚሰጠውን ድጋፍ ይዘረዝራል፤ የምክር አገልግሎት፣ የመስክ መሣሪያ፣ ጭንቀት ለያዘው ደግሞ ጭንቀቱን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ባለሙያ። በየገጹ ጥርሳቸው የነጣ ተማሪዎች ኮምፒውተር እያዩ ይስቃሉ። እኔ በዕድሜዬ የመመረቂያ ጽሑፉን እያየ የሚስቅ ተማሪ አላጋጠመኝም፤ ካለም ጠበል ይወሰድ።

«ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ ድጋፍ ነበር?» አለችኝ።

«ነበር እንጂ» አልኳት። «የዝናብ ልብስ ሰጥተውኛል።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሆዴ ገና ከደረቴ ያልቀደመ፣ በእርሻ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ የምማር ጎረምሳ ነበርኩ። የተሰጠኝ ጥናት ቀላል ነው፤ ሦስት ዓይነት የማሽላ ዘር ተዘርቶ የትኛው የበለጠ እንደሚሰጥ መዝኖ መመለስ። መዝኖ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ካለችው ደጋን፣ አያ ይመር የሚባሉ ገበሬ ማሳቸውን ለሦስት ከፍለው ዘሩልኝ። ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው በላሁ፣ ቤታቸው አደርኩ። ማሽላው ጎምርቶ ራሱን ሲደፋ፣ ሚዛን ልጠይቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለስኩ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል የሚባለው ቢሮ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኃላፊና ቁጥሩ ከተማሪው የሚበልጥ ማህተም ነበረው። ኃላፊው ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ተማሪ ላለማየት ይመስለኛል። «ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪውን ሜዳ ላይ አይጥልም» አለና ሁለት ነገር ሰጠኝ። አንዱ የዝናብ ልብስ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ በኅዳር ዝናብ ከዘነበ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነው የሚያየው። ሁለተኛው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሚዛኑን ኮምቦልቻ ካለ አንድ የመንግሥት መጋዘን እንድወስድ ያዛል። ማህተሙ ከመብዛቱ የተነሳ ጽሑፉን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ማንሳት ያስፈልግ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ሚዛኑን በመስኮት አየሁት። አዲስ ነው፤ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣

«ጓድ፣ ይህ ሚዛን ገቢ አልሆነም» አለኝ።

«ያው ከውስጥ ተቀምጦ!»

«ተቀምጧል። በሰነድ ግን አልገባም። ያልገባ ንብረት ደግሞ ወጪ አይደረግም።»

«መቼ ነው የሚገባው?»

«ገቢ የሚያደርገው ጓድ ደሴ ስብሰባ ላይ ነው።»

ደሴ ወጣሁ። ያን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኮምቦልቻ ላብህን ጠርገህ ትሳፈራለህ፣ ደሴ ስትደርስ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ከአዳራሹ በር ላይ ሦስት ቀን ቆምኩ። ስብሰባው ስለ ሥራ ቅልጥፍና ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ቅልጥፍና ተናገሩ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ወጣ፤ ደብዳቤዬን ተቀብሎ አንድ ማህተም ጨመረበትና «ከሚቀጥለው ስብሰባ በኋላ እናየዋለን» ብሎኝ ምሳ ሄደ። ያን ጊዜ ያን ሰው የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ አሁንም ፊቱን የመሰለ ዱባ ገበያ ላይ ባይ አልገዛም።

ደጋን ስመለስ ግሪሳ ወርዷል። ግሪሳ የሚሉት ወፍ እንደ ደመና ይመጣል፣ ማሽላውን ሰልቆ ይሄዳል። አያ ይመር ወንጭፋቸውን ይዘው ማማው ላይ ተቀምጠዋል። ወሬዬን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ደብዳቤውን ተቀብለው አገላበጡት።

«ይህ ወረቀት ራሱ ይመዝናል?» አሉኝ።

«አይመዝንም፣ አያ።»

«የያዝከውስ ልብስ?»

«የዝናብ ነው።»

ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና የዝናብ ልብሱን ተቀብለው ረጅም እንጨት ላይ ሰቀሉት። ነፋስ ሲነካው እጅጌው ይወራጫል። ወፉ ሸሸ፤ ወላሂ፣ እኔ ራሴ ከሩቅ ሳየው የድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዩኒቨርሲቲው ለምርምሬ ያበረከተው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ወፍ ማባረር።

ግን አጨዳው አይጠብቅም። በአገሩ ደንብ እህል የሚነሳው በጅጌ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ሰው ማሳ በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ የጠራው ያበላል። በአንድ ቀን ከታጨደ ደግሞ ሦስቱ ማሳ አንድ አውድማ ላይ ይቀላቀላል፤ ከተቀላቀለ የእኔ ነገር አበቃ። ይህን እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ጎንበስ ብዬ ማሽላ ስፈለፍል አያ ይመር ቀደሙኝ።

«ሦስት ጅጌ እጠራለሁ» አሉ። «ለየብቻ ይታጨዳል፣ ለየብቻ ይወቃል።»

«አያ፣ ሦስት ጊዜ ሊያበሉ ነው?»

«አብሽር። እህል ሰው ስለበላው አያልቅም።»

ባለቤታቸው እቴ ሀዋ ከጎጆው በር ሆነው፣ «የሚያስፈጨው እሱ ነው የሚመስለው» አሉ። ቢሆንም አስፈጩ። በመጀመሪያው ቀን የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ቃሪያ፣ ለመጠጥም አሬራና ቀሪቦ ቀረበ፤ ሰዉም በዘፈን አጨደው። ሦስቱም ታጭዶ፣ ደርቆ፣ የመጀመሪያው ክምር ተወቅቶ ምርቱ አውድማው ላይ ነጭ ሆኖ ሲቆለል ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ስንት ቁና ይሆናል?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ዘፈኑ ተቋረጠ። በትር የያዘው በትሩን እንደያዘ ቀረ። አውድማ ላይ እህል አይቆጠርም፤ ዱዓ ሳይደረግ ስንት ነው የሚል ሰው በረካውን ያባርራል። ይህን በአገሩ የማያውቅ የለም፤ እኔ የደሴ ልጅ፣ ከዚያው ጓሮ የወጣሁ፣ አጥቼው አይደለም። አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት አንጎሌን ወጥሮ አስረስቶኝ ነው። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና፣

«ይመር፣ ይህ ልጅ ከዚህ ይውጣልን። አለበለዚያ ለቀረው ውቂያ ጅጌ የሚመጣልህ የለም» አሉ።

ሁሉም ነገር እዚያች ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። አያ ይመር ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዘው፣ በዚያ የረጋ ድምፃቸው፣

«ይለፉት። የተማረ ነው፤ አያውቅም» አሏቸው።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ግን እውነት ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ የምሁር ስብሰባ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ይህች ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ትጮሃለች፤ እስካሁን የማትገጥመው ሰው አላገኘሁም። ዱዓው እንደገና ተደረገ፣ እኔም ከአውድማው ርቄ ከአህዮቹ ጋር እንድቆም ተፈረደብኝ። እህሉ ቤት ከገባ በኋላ ግን፣ እዚያ በሩ ተዘግቶ፣ መመዘን ትችላለህ ተባልኩ።

በምን? ደጋን ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ዘምዘም የምትባል ጤና ረዳት ሕፃናት የምትመዝንበት፣ እግራቸው የሚገባበት ቁምጣ ያለው የሚንጠለጠል ሚዛን አላት። ሄጄ እንደ ልማዴ ደብዳቤዬን ዘረጋሁላት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የድጋፍ ደብዳቤ።»

«ምን ያደርግልኛል? ሕፃን የምመዝነው ሐሙስ ነው» አለች። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ውሰድና ረቡዕ ማታ መልስ። ቁምጣውን እጠበው።»

በዚህች ዓለም ላይ ያገኘሁት ድጋፍ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው። ሚዛኑን ከጎጆው ምሰሶ ላይ ሰቀልን፤ ማሽላውን በከረጢት እያደረግን ቁምጣው ውስጥ አስቀመጥነው። እቴ ሀዋ የመጀመሪያውን ከረጢት ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ እያዩ፣

«ስንት ወሩ ነው?» አሉ።

አያ ይመር እኔን አየት አደረጉና፣ «አባቱን መስሏል፤ ሆድ ብቻ» አሉ።

ለቀሩት ሁለት ክምሮችም ዘምዘም በየሳምንቱ ማክሰኞ ሚዛኑን ሰጠችኝ። ሦስት ጅጌ፣ ሦስት ድግስ። ጥናቱ ሞላ።

ጽሑፌን ይዤ ዩኒቨርሲቲው ስመለስ ያ ዓይኑን የሚጨፍን ኃላፊ ካልፈረመ ለፈተና መቅረብ የለም። የምስጋናዬን ገጽ አንብቦ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ዓይኑን ገለጠ።

«ይመር ማነው? የትምህርት ደረጃው?»

«ገበሬ ናቸው።»

«ገበሬ በማኅበሩ ነው የሚመሰገነው። ይውጣ። የእኛ ክፍል ደግሞ ሚዛን ስለመስጠቱ አልተጠቀሰም።»

«ሚዛን አልሰጣችሁኝም።»

«ደብዳቤ ጽፈንልሃል?»

«ጽፋችሁልኛል።»

«ሚዛን ተሰጥቶሃል ማለት ነው።»

የአያ ይመርን ስም አውጥቼ የክፍሉን ጻፍኩ፤ ምን ልበላችሁ። «የመለኪያ መሣሪያ በማቅረብ ላደረገልኝ የማይረሳ ድጋፍ» ብዬ፣ በሚያምር ቃል። ሰውየውን እንደ ትኋን ንቄው ነበር፤ እጄ ግን ታዘዘለት። ዲግሪውም ተሰጠኝ።

አንድ ቅጂ ይዤ ደጋን ወረድኩ። አያ ይመር እጃቸውን ታጥበው ነው የተቀበሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ገጾቹን ግን አንድ በአንድ፣ እንደ ቁርአን፣ ቀስ ብለው ገለጡ።

«እኔ ወዴት ነኝ?» አሉኝ።

የምስጋናውን ገጽ ገለጥኩና ጣቴን የድጋፍ ክፍሉ ስም ላይ አሳርፌ፣ «እዚህ ነዎት» አልኳቸው።

ጣታቸውን በጣቴ ቦታ ተኩና መስመሩን እስከ መጨረሻው ዳሰሱት። «ማሻአላህ፣ ረጅም ነው» አሉ።

ይህን ስተርክላት ሰሚራ መሳቋን ትታ ነበር። ጽሑፌን ከመደርደሪያው አወረድኩት። አይጥ ዳር ዳሩን በልቶታል፤ የምስጋናውን ገጽ ግን አልነካውም፤ አይጥም የሚጸየፈው ነገር አለ። እስክሪብቶ አንስቼ የድጋፍ ክፍሉን ስም ሰረዝኩና እዚያው መስመር ላይ፣ አያ ይመር ጣታቸውን ባሳረፉበት፣ ስማቸውን ጻፍኩ። ማህተም የለውም። እሳቸውም አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። እዚህ ነዎት ያልኳቸው ግን ከእንግዲህ ውሸት አይደለም።

ሰሚራ መጽሔቷን አንስታ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ጠራኋት።

«የዝናብ ልብስ ከሰጡሽ ተቀበያቸው» አልኳት። «ለወፍ ይሆናል።»