ናጃህ የቀነሰው ብሮውዘር

ቡታጅራ መናኸሪያው ጋ ኢንተርኔት ቤት የገባ ሁሉ እዛ የሚሰራውን ናጃህን ያውቀዋል። እኔም ኮምፒውተር መጀመሪያ የነካሁት እሱ ጋ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ስላቆምኩ እንደገባኝ ነው የምነግራችሁ።

2002 ላይ ነው። ማሽኖቹ አርጅተው፣ ኢንተርኔት የሚከፈትበትን ብሮውዘር ስትነካው ስታክ ያደርጋል፣ ድርቅ ይላል፤ ደንበኛው እየተሳደበ ይወጣል። ባለቤቱ ጋሽ ሀያቱ እስከ አረፋ ካልተስተካከለ ቤቱን ቡቲክ አደርገዋለሁ አሉ። ናጃህ ደግሞ እናቱን የሚያኖረው በዛ ስራ ነው።

ምን አደረገ መሰላችሁ? የብሮውዘሩን ኮድ አውርዶ ራሱ ሊሰራው ተነሳ። ኮምፓይል ማድረግ ይሉታል፤ ኮዱ ፕሮግራም ይሆናል። መጀመሪያ ግን ኦፕሽን ትመርጣለህ፤ ይሄ ይግባ፣ ይሄ ይቅር ትለዋለህ፤ በቀነስክለት ቁጥር ይቀለዋል። ቪዲዮውን አስቀረ። ድምፁንም። ማተሚያውንም አስቀረ፤ ፕሪንተር መች ነበረንና? ወረቀት የፈለገ በፍላሽ ይዞ ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሄደው። መብራት እየጠፋ ስንቴ ከመሀል ተቋረጠበት መሰላችሁ። ሲያልቅ ግን ብታዩት፣ በቃ በረረ። ጋሽ ሀያቱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

አረፋ ላይ ያው አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ አገር ቤት ይገባል፣ ባዶ እጁንም አይመጣም። የጋሽ ሀያቱ ታላቅ ወንድም ዑመይር ከመርካቶ ፕሪንተር ይዞ መጣ። ኢንተርኔት ቤቱ በእንግዳ እንደተሞላ ሰይዶ የሚባል የእንሴኖ ሰው የልጁን የሳውዲ ቪዛ ላሳትም ብሎ ገባ። ኢሜሉ ተከፈተ፤ ብሮውዘሩ ላይ ግን ማተሚያው የለም። ናጃህ ገልብጬ በሌላ ፕሮግራም ላትመው ቢል ዑመይር አላስጨረሰውም።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ያኔ ፕሪንተር አልነበረንም። አንድ ቀን ስጡኝ፣ መልሼ አስገባዋለሁ።»

«አየህ ሀያቱ፣ ንብረትህን ሲቆራርጠው ቁጭ ብለህ ታያለህ። ነገ በሩን ነቅሎ ቀለለ ይልሃል።»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። የኛ ሰው ደግሞ በአረፋ ቀን ዘመድ ፊት ካፈረ አለቀ። ጋሽ ሀያቱ ናጃህን ቀና ብለው እንኳን አላዩትም። በዓሉ እንዳለፈ ዑመይር የላከው ቴክኒሻን መጥቶ ማሽኖቹን ሙልጭ አድርጎ አጠፋና ዊንዶውስን ከነከባዱ ብሮውዘር ጫነባቸው። ቴክኒሻኑ ናጃህ የለፋበትን ከፍቶ እንኳን አላየውም።

ያው ስታክ ማድረግ ተመለሰ፣ ደንበኛው ሸሸ፣ ቤቱ ቡቲክ ሆነ። ለቡቲኩ ልብሱን ከመርካቶ የሚያስጭነው ዑመይር ነው።

ከጊዜ በኋላ ናጃህን ወልቂጤ አገኘሁት፤ የእምድብር ሚኒባስ ረዳት ሆኗል። ደስ ብሎኝ እንዴት ኦፕሽን እንደሚመረጥ አስተምረኝ ብዬ ወሬዬን ለቀቅኩት። የሚኒባሱን በር እንደያዘ ሰማኝ።

«ትሳፈራለህ አትሳፈርም?» አለኝ።