የዝገቱ ሊቅ

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ የጎራዴ ዕድሜ የሚገምት ሰው ነበር። እንዲህ ሲባል ሊቅ ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን የበቅሎ ደላላ ነበር፤ ያረጀችውን በቅሎ ጥርሷን ሞርዶ «ገና ለጋ ናት» እያለ የሚያሻሽጥ። አንድ የጣሊያን ሹም አሮጌ ጎራዴ እንደሚወድ ሲሰማ «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ተጠጋ። ሹሙም አመነው። ግም ለግም አብረህ አዝግም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በሳቅኩ። ነገር ግን ሹሙ ቤት ለቤት ያስፈትሽ ጀመር። የተገኘው ጎራዴ ጥንታዊ ከተባለ ለራሱ ይወስደዋል፤ ባለቤቱም ይተርፋል። አዲስ ከተባለ የሽፍታ መሣሪያ ነውና ባለቤቱ ይታሰራል። ፍርዱ ያለው በደላላው አፍ ነው። ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ እንዲሉ፣ የእሱ ዕውቀት ደግሞ ከዝገት አያልፍም፤ የዛገ አሮጌ ነው፣ ያልዛገ አዲስ ነው። አጥር ሥር ክረምቱን የከረመ የአንድ የኮልፌ ሰውን ማጭድ «የጥንት ሾተል ነው» ቢለው፣ ያ ቂል ሹም በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደው።

አባቴ ከቅድመ አያታቸው የወረደ ጎራዴ ነበራቸው። በየቅዳሜው ቅቤ እየቀቡ ስለሚወለውሉት እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ፍተሻው እኛ ሰፈር አስኮ ደረሰ ሲባል ለመንኳቸው።

«አባባ፣ ሎሚና ጨው ልቀባው። ቶሎ ይዝጋል፣ እርስዎም ይተርፋሉ።»

«አባቶቼ ያላዛጉትን እኔ ደላላ ፈርቼ ላዝገው?» አሉኝ።

ተናደድኩባቸው። ከእስር ሳይመለሱ ቀርተው እንኳ ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሹሙ፣ ደላላውና ወታደሮቹ መጡ። ደላላው ጎራዴውን መዘዘ፣ አሸተተ፣ በወዛም ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። የገዛ ፊቱ ብረቱ ላይ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ ያን ፊት እያየም አላፈረም።

«ይሄ የትናንት ነው፣ ጌታዬ» አለ።

የአባቴን እጅ የኋሊት አሰሩ። እኔ ጮኽኩ። እሳቸው ግን ወደ ደላላው ዞሩ።

«ላብህ ነክቶታል» አሉት። «ሳይዝግ ጥረገው።»

ደላላው ሹሙን አየ፤ ከዚያ አባቴን አየ። የጋቢውን ጫፍ ሰብስቦ እንደ ታዘዘ አሽከር አጎንብሶ መጥረግ ጀመረ። አባቴን እየገፉ ከግቢው ሲያስወጧቸው ገና እየጠረገ ነበር።