ልጄን ፍለጋ እስከ ሸኽዬ ደጅ

ቅዳሜ ጠዋት፣ የማሰሮውን አሸዋ ውኃ ላርከፈክፍበት ጎንበስ ስል፣ የልጄ የስኳር መድኃኒት ከነብልቃጡ እዚያው ተቀምጧል። የከተማችን የጎብዬ ሙቀት መድኃኒት ያበላሻል፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አቆዩት ያሉን ጤና ጣቢያ ናቸው። ልጄ ሰዓዳ ሐሙስ ከዋጃ ወዲያ ቆላው ውስጥ ካሉ ሸኽ ዘንድ ለዚያራ፣ በረከት ልትቀበል ስትሄድ ይዛው የሄደች መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጠዋትና ማታ ካልተወጋች አትቆምም።

አብራት ሄዳ ዓርብ ወደ ተመለሰችው ወደ ጎረቤቴ ልጅ ወደ ራህማ ሮጥኩ።

«መድኃኒቱን ረስታው ነው?»

«አልረሳችውም እትዬ፤ ይፈቅዱልኛል ብላ አውቃ ነው የተወችው። አብሽሪ፣ ሸኽዬ ፈቅደውላታል።»

«መርፌውን ተዪ አሏት?»

«እሳቸው መች ይናገራሉ! እዚያ ሐጃሽን፣ ጉዳይሽን፣ በልብሽ ነው የምትጠይቂ። በእጃቸው ወተት ከሰጡሽ እሺ ነው፣ ካለፉሽ እንቢ ነው። ሰዓዳ መርፌውን ልተወው ወይ ብላ በልቧ ጠየቀች። ሰጧት።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ሀኪሙ ግን ሁለት ሦስት ቀን ከዘለለች ትሞታለች ያለኝን አልረሳሁም። ብልቃጡንና መርፌውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ከጎብዬ ዋጃ

ቆቦ ላይ መኪና ቀየርኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ጨርቁን እየዳሰስኩ፣ ሲደርቅ ከላስቲኬ ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ። አጠገቤ የሽንኩርት ከረጢት በጉልበቷ ያቀፈች ነጋዴ ተቀመጠች። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች።

«ሸኽዬን አታውቂያቸውም? ቁመታቸው ዘንባባ! ከባሌ ተኳርፌ ሄጄ ታረቂ ብለው ተቆጡኝ፤ ሰውነቴ ራደ።»

«አይናገሩም ይባል የለ?»

«በዓይናቸው ነዋ! ዓይናቸው ፍም ሆኖ አፈጠጡብኝ።»

«የሽንኩርቱን ዋጋ አርክሺ አላሉሽም እንዴ?» አለ ሾፌሩ ከፊት።

መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ የሰዓዳን ትንፋሽ ነበር የማስበው።

ከዋጃ ወዲያ

ዋጃ ላይ የያዝኩት ባጃጅ እስከ አሸዋማው ወንዝ አድርሶኝ ጎማው ሰመጠ። «ከዚህ በእግር ነው እናቴ» አለኝ ባለ ባጃጁ። አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማሽላው በግራ በቀኝ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፣ ከማዶ የዞብል ተራራ ጉም መስሎ ይታያል። አገዳ የጫነች ግመል የሚስቡ ሽማግሌ አገኘሁና እስከ ግቢው ተከተልኳቸው።

«አባባ፣ ሸኽዬን ያውቋቸዋል?»

«እንዴት አላውቃቸው! እንደ ልጅ ደቃቃ ናቸው። ቁጣ የሚባል አያውቁም። ዝናብ ሲጠፋ ሄደን እንቀመጣለን፣ እሳቸው ስለ እኛ ያለቅሳሉ።»

«ሲያለቅሱ አይተዋቸዋል?»

«ዓይናቸው መች ደርቆ ያውቃል!»

አንዷ ዘንባባ ትላለች፣ ሽማግሌው ደቃቃ ይላሉ። የሁለት ሰው ደጅ የምሄድ መሰለኝ።

ግቢው

ሰዓዳን ግቢው ውስጥ ከተጣለው ዳስ ጥግ ሰሌን ላይ ተኝታ አገኘኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። መርፌውን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«እማ፣ ተዪ። ከዓይናቸው ነጭ ኑር፣ ብርሃን ሲወጣ አይቻለሁ። የፈቀዱልኝን ላፍርስ?»

ብታገላት ጮኸች፤ ለዚያራ የመጡ ሴቶች ከለከሉኝ። እኔም ተነሥቼ ሸኽዬ ፊት ሄድኩና ተቀመጥኩ።

ወላሂ እውነቱን ልጻፍ። ሸኽዬ የፕላስቲክ ጫማ ያደረጉ ከሲታ አዛውንት ናቸው። የወተቱን ዋንጫ ሲዘረጉልኝ ግን እጃቸው የሞተው አባቴ እጅ ሆኖ ታየኝ፣ ያ ማረሻ ያጎበጠው አውራ ጣት ሳይቀር። በልቤ «ልጄ ትድናለች ወይ?» ብዬ ነበር። ወተቱን ስጠጣ ፍርሃቴ ከላዬ ላይ ወረደ፣ እንባዬ ፈሰሰ። አዎ ድናለች ብዬ ልነሣ ነበር።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ሰዓዳም ይህንኑ ወተት ነው የጠጣችው፤ እሷም እንዲህ ነው እርግጠኛ የሆነችው።

«ሸኽዬ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ልጄ እየሞተችብኝ ነው። ወተት ስለሰጧት መርፌዋን ተወች!»

«ዝም በይ! ሐጃ በልብ ነው!» አለኝ ከኋላዬ አንድ ሰው።

ሸኽዬ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁት። ሽፋኑ ቀልቷል፣ እንባ ያዘለ ነው፣ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ጋርዶታል። የታመመ ዓይን ነው።

«የቷ ልጅ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። «እኔ አላይም ልጄ። ከፊቴ ሰው መኖሩን በዳበሳ ነው የማውቀው። ወተቱን የምሰጠው ሰው በዚህ ፀሐይ ተጠምቶ ስለሚመጣ ነው። የሰው ልብ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።»

ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፣ እኔ ትከሻዬን አስደግፌ ወሰድኳቸው። ሰዓዳ አጠገብ ቁጭ ብለው እጇን ዳብሰው ያዙ።

«እኔ ለደም ግፊቴ በየጠዋቱ ክኒን እውጣለሁ። አንቺ ከእኔ በለጥሽ እንዴ? ተወጊ።»

ሰዓዳ እያለቀሰች ክንዷን ሰጠችኝ። ወጋኋት። በዙሪያው የነበረው ሰው «አላሁ አክበር!» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ሸኽዬ የሰዓዳን እጅ ሲይዙ ብርሃን ሲያልፍ አየሁ ብላ ማለች። አልተከራከርኳትም። እኔስ የአባቴን እጅ አይቼ የለ?

«አሁን ቶሎ ሀኪም ቤት» አሉ ሸኽዬ። ባለ ግመሉ ሽማግሌ ጭነታቸውን አራግፈው ሰዓዳን በግመሏ እስከ ወንዙ አደረሱልን፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ ቆቦ። ሆስፒታል በደም ሥሯ ፈሳሽና መድኃኒት ሰጧት። ሀኪሙ «አንድ ቀን ብትዘገዪ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ይህን የምጽፈው ልጆቻችሁን ወደዚያ ለምትልኩ እናቶች ነው። ሸኽዬን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ከሄድኩ ወዲህ አክብሮቴ ጨምሯል፣ አላውቅም ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸውና። ግን ሁላችንም እፊታቸው ስንቀመጥ የየራሳችንን ነገር ይዘን ነው የምንሄደው፣ የምናየውም እሱኑ ነው። በልብ ብቻ አትጠይቁ። አፋችሁን ከፍታችሁ ንገሯቸው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ጎብዬ ገባን። ሰዓዳ በእግሯ ነው ከመኪና የወረደች። ማታ ራሷ ተወጋች፣ በልታ ተኛች። ልጄ ቤቷ ናት፣ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።